ያዙኝ ልቀቁኝ፦ ራስን ለመከላከል የመሠልጠን ፍላጎት በልደታ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚተኛ

ራስን የመከላከል ስፖርት ለመሠልጠን የሚነሣ ፍላጎት በልደታ በብዛት የሚታየው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። የሚሞተው ደግሞ በማግስቱ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ የስልክ ደወል ሲጮኽ ነው። ይህ ጥናት በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች መካከል ያለችውን አጭር ሕይወቱን ይመረምራል። አጥኚው በጉዳዩ ላይ ለመናገር የሚያበቃው ማስረጃ አንድ ነው፦ በ6 ዓመት ውስጥ 4 ጊዜ ተመዝግቦ እስካሁን ነጭ ቀበቶ ነው።

ፍላጎቱ ከመነሻው አንጻር በ3 ይከፈላል።

አንደኛው የስልክ ዓይነት ነው። ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ለመያዝ ስንጋፋ ቆይተን ኪሳችን ቀልሎ ሲገኝ ይወለዳል። ተጎጂው በዚያች ሌሊት ፍራሹ ላይ ቆሞ አየር ይመታል፤ ሌባውን ዳግመኛ ቢያገኘው ምን እንደሚያደርገው ለሚስቱ በዝርዝር ያስረዳል። ከሦስቱ በጣም ትኩሱ ይህ ነው፤ ዕድሜው ግን ሌላ ስልክ እስኪገዛ ድረስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የፊልም ዓይነት ነው። የእኔ ዘመን ልጆች በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ከብሩስ ሊ የተቀበልነው ነው። ብሩስ ሊ ያረፈው በሐምሌ 1965 ዓ.ም. ነው፤ በልደታ የቆርቆሮ አጥሮች ላይ ከፍተኛውን ጉዳት ያደረሰው ግን ከሞተ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የውሻ ዓይነት ነው። ኪዳን ለማድረስ በሌሊት የወጣች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ለውሻ ግን ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሡ መምሰል ስለሚበቃ እዚህ ላይ አንዘገይም።

ፍላጎቱ ንጋትን ከተሻገረ ሰውየው 12 ሰዓት ላይ የቴኳንዶ አዳራሽ ይደርሳል። ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ ይቆማል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጣቶቹ የሱ መሆናቸውን ይጠራጠራል። «ሃና! ዱል! ሴት!» እያለ በኮሪያኛ ይቆጥራል። አያቶቻችን በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ድረስ ዘምተው ተዋግተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው በኮሪያኛ እስከ 10 ቆጥረን ውኃ እንጠይቃለን። ማስተራችን ስንዝል በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረውን የሰለሞን ደምሴን ስም ይጠራል። ስሙ ለ4 ርግጫ ያህል ይበቃናል።

ፍላጎቱን የሚያስተኙ ሰበቦች ብዙ ናቸው። በጾም ጉልበት የለም፤ በፍስክ ሆድ ይከብዳል። በክረምት ዝናብ አለ። ወር በገባ በ1 ደግሞ ልደታ ስለሆነች መንገዱ በነጠላ ይሞላል። ዋናው ምክንያት ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ዋናው ምክንያት ሰፈሩ የራሱ የሆነ፣ ቀበቶም ሆነ ወርኃዊ ክፍያ የማይጠይቅ የመከላከያ ጥበብ ያለው መሆኑ ነው። ያዙኝ ልቀቁኝ ይባላል።

የጥበቡ የመጀመሪያ ደረጃ ጃኬት ማውለቅ ነው። ጀማሪ ጃኬቱን መሬት ላይ ይጥላል፤ ከባድ ስሕተት ነው። የበሰለ ተደባዳቢ ጃኬቱን ለሰው ይሰጣል። ጃኬት የተቀበለ ሰው በዚያችው ቅጽበት ባለአደራ፣ ምስክርና ገላጋይ ጠሪ ሆኖ ተሾሟል ማለት ነው። ቀጥሎ ሰዓት ይፈታል። ሰዓት የሌለው እጅጌውን ይሰበስባል፤ የለበሰው እጅጌ የሌለው ካናቴራ ቢሆንም ይሰበስባል። ሁሉም የሚደረገው ቀስ ተብሎ ነው፤ ገላጋይ የጀመረውን ሻይ ጨርሶ እስኪደርስ ጊዜ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ደረጃ መያዝ ነው። ገላጋዮች ወገብ ያዥ፣ ክንድ ያዥ እና ደረት ገፊ ተብለው ይመደባሉ። ተመራጩ ወገብ ያዥ ነው፤ ሁለቱን እጆች ነጻ ስለሚተው አየሩን ለመቅዘፍ ያመቻል። ክንድ ያዥ አይወደድም፤ እጅ ይዞ ያስመታል። ደረት ገፊ «ተው ለኔ ስትል» ከማለት ያለፈ ሚና የለውም። ከነዚህ ውጭ እየገላገለ የሚመታ አለ፤ የራሱን የቆየ ቂም በሰው ጠብ የሚወጣ ነው፤ ለብቻው ጥናት ይገባዋል።

ሦስተኛው ደረጃ «ልቀቁኝ!» ነው። የጩኸቱ ኃይል ከአያያዙ ጥብቀት ጋር እኩል ይሄዳል። ጠበቅ ተደርጎ የተያዘ ሰው «ዛሬ አልምረውም!» ይላል። ሲላላበት «እሱ ራሱ ያውቀዋል» ወደሚለው ይወርዳል።

እውነተኛው አደጋ መለቀቅ ነው። አጥኚው ይህን በዓይኑ ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ልደታ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ሁለት ሰዎች በታክሲ ወረፋ ተጣልተው። ሁለቱም በወጉ ተይዘው፣ በወጉ እየጮኹ ሳለ የአንደኛው ገላጋይ ስልክ ጠራ። ገላጋዩ «ሃሎ» ለማለት ለቀቀ። ሌላኛው ገላጋይ ጠቡ ያለቀ መስሎት እሱም ለቀቀ። ሁለቱ ጠበኞች ያለ ማንም ከልካይ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ፊት ለፊት ቀሩ። አንዱ መሬት መሬት አየ። ሌላው ያልወለቀ ሰዓቱን ነካካ። ወረፋው ሁሉ ዝም አለ። በመጨረሻ ገዘፍ ያለው ወደ ገላጋዩ ዞረ፤ ስልኩን አውርቶ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቀና በተሰበረ ድምፅ «ምነው ለቀቅከኝ?» አለው።

ከሁሉም በላይ ያለው ማዕረግ የአሮጊቶች ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መሀል ገብተው «በሕግ አምላክ!» ካሉ ጥቁር ቀበቶም አይንቀሳቀስም። ድሮ በዚህ ቃል የተያዙ ባላጋራዎች ልብሳቸው እርስ በርስ ተቋጥሮ፣ አብረው ተጉዘው ዳኛ ዘንድ ይቀርቡ ነበር።

የዛሬው ሕግም ቢሆን ከሰፈሩ አይርቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ የሚፈቅደው ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉም ከመጠን ካላለፈ ነው። ላለፈ ሰው አንቀጽ 79 ይጠብቀዋል። «ሌላ መንገድ» የሚለው ለፍርድ ቤት ጎረቤት ማብራሪያ አያሻውም፤ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ነው።

ምደባውን እዚህ ላይ መተው ይሻላል፤ ምክንያቱም ገላጋይ የሚበቅለው በግቢ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲቆም ወገብ ያዦቹም፣ ጃኬት ተቀባዮቹም፣ ነጠላ አጣፊዎቹም በከተማው ዳር ዳር ተበተኑ። ለኛ የተረፈን ደረጃና የብረት በር ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሌሊት ከብሎካችን ሥር «ሌባ! ሌባ!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። መብራት በራ፤ መጋረጃ ተገለጠ። ቆጠርኩ፤ 14 መስኮት። የወረደ ሰው አልነበረም። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ጫማዬን እየፈለግሁ ነበር፤ ሳልቸኩል ፈለግሁ። ድምፁ በራሱ ጊዜ ቆመ። ጠዋት እንደሰማነው ልጅቷን አልጎዷትም፤ ቦርሳዋን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ከወትሮው 6 ሰው በልጦ ተገኘ፤ ሁሉም የብሎካችን ሰዎች። ማንም ማንን «ለምን መጣህ?» አላለም። ማስተሩም አልጠየቀም፤ «ሃና!» ብሎ ጀመረ።

ከላይ ካሉት 3 ዓይነቶች በአንዱም ውስጥ የማይገባ ፍላጎት ነው፤ ስም አላወጣሁለትም። እስካሁን 7 ሳምንት ቆይቷል፤ ከስልኩም ከፊልሙም ይበልጣል። ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሁሉ፦ ርግጫ ባትወዱም ግድ የለም፤ ጃኬት የሚቀበልም ያስፈልገናል። ጠዋት 12 ሰዓት በሩ ክፍት ነው።