ጎሚስታው ያሳተመው ገንዘብ

በገንዘብ ጥናት ዘርፍ ተገቢውን ክብር ያላገኘ አንድ ሰው አለ። ሳንዲ ማክታየር ይባላል። የስኮትላንድ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ሪዙን አሰማምሮ፣ ዋጋ አስቀንሶ እንደወጣ ገበያተኛ ፈገግ ብሎ ያያችኋል። ምስሉ ከ1961 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በካናዳ ከኪስ ኪስ ሲዞር ኖሯል። አልነገሠም፣ አልዘመተም፤ ይባስ ብሎ ተወልዶም አያውቅም፣ ከነስሙ የተፈጠረ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ላይ ከመታተም አላገደውም።

አሳታሚው ካናዲያን ታየር ነው፤ ጎማ፣ መፍቻ፣ የበረዶ አካፋ፣ ከፈለጉም የገና ዛፍ የሚሸጥ ሱቅ። ሁለት የቢልስ ቤተሰብ ወንድማማቾች በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ አቋቋሙት። በ1958 ኩባንያው ቤንዚን መሸጥ ሲጀምር ሌሎቹ ማደያዎች ደንበኛ ለመሳብ ሳህንና የዳቦ መጥበሻ ያድሉ ነበር። የታናሽየው ወንድም ባለቤት ሙሪየል ቢልስ በሳህን ፋንታ ገንዘብ የሚመስል ወረቀት ማደል ይሻላል የሚል ሐሳብ አመጣች። በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ሰው ከከፈለው ላይ 5 በመቶ በኩባንያው ወረቀት ይመለስለት ነበር፤ ወረቀቱን ይዞ ተመልሶ ዕቃ ይገዛበታል። የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት የገንዘብን አመጣጥ ሲያስረዱ ብዙ ገጽ ይፈጃሉ። እዚህ ጋ አንዲት ሴት ሳህን ሰልችቷት ነው።

ቀልድ የሚመስለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል፤ ምክንያቱም ወረቀቱን ያተሙት የካናዳን የራሷን ገንዘብ ያትሙ የነበሩት የባንክ ኖት ማተሚያ ቤቶች ናቸው። ተከታታይ ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው፣ ጥልፍልፍ ሐረግ አለው። ቀጥሎ የመጣውን ደግሞ ማንም አልጠበቀም። መንግሥት በ1989 የወረቀት 1 ዶላሩን ማተም አቆመ፣ በ1996 2 ዶላሩንም ወደ ሳንቲም ለወጠ። ጎማ ሻጩ ግን በወረቀቱ ጸና። ስለዚህ በዚያች አገር የወረቀት አንድ ዶላር ወግ ጠባቂ ሆኖ የቀረው ማዕከላዊ ባንኩ ሳይሆን ሱቁ ነው ማለት ነው።

የዚህ ጥናት ናሙና ቶሮንቶ የሚኖር የአንድ ሐበሻ ቤተሰብ የወጥ ቤት መሳቢያ ነው። በውስጡ የተገኙት ላስቲክ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ፣ የሞተ ባትሪና አራት ቦታ የታጠፈ የሳንዲ 5 ሳንቲም ናቸው። ግኝቱን የገመገሙት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ሲሆኑ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት።

«ይሄ የየት አገር ንጉሥ ነው?»

«ንጉሥ አይደለም እማዬ፤ የጎማ ሱቅ ነው ያተመው።»

«እና መንግሥት ዝም አለው?»

በሙያው ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀ ገምጋሚ አላጋጠመንም። መልሱም ዝም ብሎታል ነው፤ ወረቀቱ በሕግ ዓይን የዋጋ ቅናሽ ኩፖን ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ይህን ወረቀት የማያወጡት፣ ይልቁንም የሚሰበስቡት ሰዎች አሉ። ማኅበርም አላቸው። የሰብሳቢው ምኞት አንድ ነው፤ ስብስቡን ማሟላት። መጀመሪያ ነገሩ ቀላል ይመስላል። 5፣ 10፣ 25 እና 50 ሳንቲም፣ 1 ዶላር፣ 2 ዶላር፤ ስድስት ወረቀት። አንድ ትጉህ ሰው ወንበር ሳይቀይር ሊያሟላው ይችላል። ያን ማታ ግን እንቅልፍ አይወስደውም፣ ምክንያቱም በማደያና በሱቅ የታደሉት ወረቀቶች እንደሚለያዩ ሰምቷል። እነሱን ሲጨርስ ፈራሚዎቹ ኃላፊዎች በየጊዜው መቀያየራቸውን ያስተውላል። ፊርማውን ሲጨርስ ከተከታታይ ቁጥሩ ፊት ያሉት ፊደላት ይታዩታል። ከዚያ ማተሚያ ቤት የተበላሸውን ለመተካት ያወጣው ተተኪ ኖት ይመጣል፤ እሱን ለማግኘት ሰብሳቢው ወዳጅ ያስቀይማል።

የመጨረሻው ደረጃ በስህተት የታተመው ነው። ጠርዙ ተዛብቶ የተቆረጠ፣ ቀለሙ የዘለለ፣ ቁጥሩ የተንጋደደ። ልብ በሉ፣ ትክክሉ ልክ አለው፤ ስህተት ግን ወሰን የለውም። ስለዚህ ስህተትን ወደ ስብስቡ ያስገባ ሰው ማሟላት የሚባለውን ነገር በገዛ እጁ ዘግቶታል። ይህን ለአንድ ሰብሳቢ ብትነግሩት በትዕግሥት ያዳምጣችኋል፤ ሲያበቃ ጠርዙ የተዛባ 10 ሳንቲም እንዳላችሁ ይጠይቃችኋል።

ስለ ሰብሳቢው ቤተሰብ ጥናቱ ዝምታን መርጧል።

ኩባንያው ለእነዚህ ሰዎች ሐውልት አለማቆሙ ግን ይገርማል። እያንዳንዷ ወረቀት ኩባንያው ለደንበኛው የገባው ዕዳ ናት፤ ደንበኛው ሲያመጣት ኩባንያው ዕቃ ይሰጣል። ሰብሳቢው ግን አያመጣትም። ፕላስቲክ ያለብሳታል፣ ከእርጥበትና ከልጆች ይጠብቃታል፣ በአልበም ደርድሮ ለእንግዳ ያሳያታል። በሌላ አነጋገር ያበደረውን ገንዘብ እንዳይከፈለው ዘብ ይቆማል። እንዲህ ያለ አበዳሪ ያገኘ መንግሥት በዓለም ላይ የለም፤ ቢኖር ኖሮ የብድር ማራዘሚያ ድርድር የሚባል ነገር ባልተፈጠረ።

በአንጻሩ ወረቀቱን እንደ ገንዘብ የቆጠሩ መናፍቃን አሉ። በ2011 አንድ የኤድመንተን ነዋሪ ለዓመታት ያጠራቀመውን ከ1,000 ዶላር በላይ ወረቀት ይዞ ሄዶ የሣር ማጨጃ ገዛበት። የቶሮንቶው ዘፋኝ ኮሪን ሬይመንድ ደግሞ ከሕዝብ ከ7,000 ዶላር በላይ ሰብስቦ በ2013 የወጣ አልበሙን የቀረጸበትን ስቱዲዮ ከፈለበት፤ ስቱዲዮው ወረቀቱን ያለ ቅናሽ ተቀብሎታል።

ኩባንያ ገንዘብ በማሳተሙ ጉዳይ አገራችንም ታሪክ አላት። ምኒልክ በ1906 መርቀው የከፈቱት የአቢሲኒያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የቆመ፣ ባለአክሲዮን ያለው ኩባንያ ነበር። በ1915 የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ሕዝቡ ግን በማሪያ ትሬዛ ብር ረክቷል፤ ሲወድቅ የሚጮኽ፣ ቢቀብሩት የማይበሰብስ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ትቶ ወረቀት የሚይዝበት ምክንያት አልታየውም። ዛሬ ያ ወረቀት በጨረታ ሲወጣ የሚባልለትን ዋጋ የሰማ ሰው የአያቱን ሳጥን ደጋግሞ ይፈትሻል። አያት ግን ብልህ ነበሩ፤ ያስቀመጡት ብሩን ነው።

የካናዳው ወረቀት ሌላ መንገድ ሄደ። ኩባንያው ምላሹን ከ5 በመቶ ወደ 3፣ ወደ 1.4፣ በመጨረሻም ወደ 0.4 በመቶ አወረደው። መጀመሪያ 20 ዶላር ያወጣ ሰው ያገኛት የነበረችውን አንዲት ዶላር በኋላ 250 ዶላር ካላወጣ አያያትም። ማዕከላዊ ባንክ እንዲህ ቢያደርግ ሰልፍ ይወጣበት ነበር። ሳንዲ ግን ፈገግታውን አልቀነሰም፣ ማንም አልተቆጣም። ቀጥሎ በ2014 ስልክና ካርድ ላይ የሚመዘገብ ነጥብ መጣ። ነጥብ ፊርማ የለውም፣ ጠርዙ አይዛባም፣ ፕላስቲክ አይለብስም። ለሰብሳቢዎች ይህ በአንድ በኩል ሐዘን፣ በሌላ በኩል እፎይታ ነው፤ ቢያንስ የሚያሳድዱት ነገር እንደ ድሮው አይበዛም።

የሚቀረው የወራሾች ጉዳይ ነው። አባት ዕድሜውን ሙሉ የደከመበትን አልበም ልጆች ይከፍታሉ፣ የሚያውቁት ነገር ሱቁ አሮጌውንም ወረቀት እንደሚቀበል ብቻ ነው። ይዘው ይሄዳሉ። ገንዘብ ተቀባይዋ ወረቀቶቹን ከፕላስቲካቸው አንድ በአንድ ታወጣለች፣ የ1958ቷን ብርቅ 10 ሳንቲም እንደማንኛዋም 10 ሳንቲም ትቆጥራለች፣ ከዝናብ መጥረጊያው ዋጋ ላይ ትቀንስላቸዋለች። ደረሰኝ ይፈልጉ እንደሆነም ትጠይቃቸዋለች።