ትንሽ አትበደር

የእህቴ ልጅ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ጋዋኑን መልሰሃል፣ ድግሱም ተበልቷል፤ የሚቀርህ የባንክ ሒሳብ መክፈት ብቻ ነው። «የቱ ባንክ ይሻላል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ሁሉም ይሻላል። ዛሬ ከ30 በላይ ባንኮች አሉን፤ ዳቦ ቤት የጠፋበት ሰፈር እንኳ ቅርንጫፍ አያጣም። የዳቦ መግዣ ባጠረህ ቀን ቁጥር ይዘህ፣ ለስላሳ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ትቆዝማለህ።

ከቁጠባ ልጀምር። በጥቅምት 2010 ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ ብሎልናል። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ ሲያልፍ ወለዳችን ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ጨዋ ከየት ይገኛል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። የእኔ ደብተር ላይ ያለው ቁጥር ግን አንዲት ሳንቲም አልጎደለም። ደስ ቢለኝ ገጠምኩ፦

ደብተሬን ቀስ ብዬ ከባንኩ ደጅ ቆሜ፣
ገልጬ ባየው ጊዜ ብር አለ ወንድሜ።

ስለ ኦቨርድራፍትም ጠይቀሃል። ከሒሳብህ በላይ ማውጣት ማለት ነው፤ ለነጋዴ ይፈቀዳል፣ የሚጠየቀውም የቤት ካርታ ነው። አንተ የያዝከው ዲግሪ ነው፤ እሱን ብታሳያቸው «በርታ» ይሉሃል። ደግሞ የወጪ መጋራት ውል ፈርመህ ስለተማርክ ለዕዳ እንግዳ አይደለህም። ሲቸግርህ ስልክህ አለልህ። በ2014 ክረምት ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በቴሌብር ላይ «እንደኪሴ» የሚባል አገልግሎት ጀምሯል፤ ሒሳብህ ሲያንስ የጎደለውን ሞልቶ ይከፍልልሃል። እንደ ኪስህ ነው እንግዲህ። ኪስህን አንተው ታውቀዋለህ።

ዋናው ምክሬ ግን ይህ ነው፦ ከተበደርክ ትንሽ አትበደር።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የአንጋፋው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ልቡ ራራ። ካርታ አምጡ ሳይል፣ ዋስ ጥሩ ሳይል፣ ከሒሳባቸው በላይ ለጠየቁት ሁሉ ሰጠ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ከዶርም እየወጡ ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። (ለላይብረሪ እንኳ እንደዚያ ተሰልፈው አያውቁም።) ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ሲነጋ «መልሱ» ተባለ፤ ብዙዎቹ መለሱ፣ የዘገዩት ስማቸውና ፎቷቸው ተለጠፈ። ጥፋታቸው ምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት። ጥፋታቸው ማነስ ነው።

ትልልቆቹን የቤት ልጆች፣ የመንግሥት ድርጅቶቹን ተመልከት። ከዚያው ባንክ ለዓመታት ወስደው መመለስ ቢያቅታቸው ማን ተቆጣቸው? በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት ለባንኩ የ900 ቢሊዮን ብር የመንግሥት ቦንድ አጸደቀና ነገሩ በክብር ተዘጋ። የማንም ፎቶ አልተለጠፈም። እንዴትስ ይለጠፋል? ስኳር ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ በጉርድ ፎቶ አይነሡም። ልጆቹ በአንድ ሌሊት 900 ቢሊዮን ማውጣት ቢችሉ ኖሮ ዛሬ «ሀገራዊ ፕሮጀክት» በተባሉ ነበር፤ ኤቲኤሙ ላይ ያለው የቀን ጣሪያ ነው ስማቸውን ያበላሸው።

ቦንዱን ማን ይከፍላል እንዳትለኝ። ገና መመረቅህ ነው፤ ደመወዝህ ይውጣና ከፔይሮሉ ላይ ታነበዋለህ።

በል ነገ በጠዋት ሂድና ሒሳቡን ክፈት። መታወቂያህን ያዝ፤ ሁለት ጉርድ ፎቶም ይጠይቁሃል። እሱ ላይ እንዳትቆጥብ። ፀጉርህን ተስተካከል፣ ከረባት እሰር፣ ፈገግ ብለህ ተነሣ። የት እንደሚለጠፍ አይታወቅም።