ከኋላ የሚመጣው ድምፅ ከፊት ሲመጣ

አዲስ አበባ ውስጥ «ሆም ቴአትር» የገዛ ሰው ሳሎን ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚሮጠው የኋላ ስፒከሮቹን ፍለጋ ነው። ኋላ ግን የሉም። አምስቱም ስፒከሮች ከነዳንቴላቸው ቡፌው ላይ፣ ለሰርግ ፎቶ እንደተጠራ ዘመድ፣ ቴሌቪዥኑን ግራና ቀኝ ከበው ቆመዋል።

«ገመዱ ምንጣፉ ላይ ይታያል» ይላሉ የቤቱ እመቤት። እውነታቸውን ነው፤ ይታያል። ስለዚህ ከጀርባ መጥቶ ሊያስደነግጠን የታሰበው ሄሊኮፕተር ከፊት ተነስቶ እዚያው ፊት ያርፋል።

የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር ግልጽ ነበር፦ የፊቶቹ ግራና ቀኝ ከመሐል በ30 ዲግሪ፣ የዙሪያዎቹ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ፤ ማለትም ከጆሮ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ኅብረቱ የኮንዶሚኒየም ሳሎን አላየም መሰለኝ። የእኛ ሶፋ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የተወለደ ነው፤ ከጀርባው ዝንብም አታልፍ። ብልሃተኛው ደግሞ ሁለቱን የዙሪያ ስፒከሮች ጣሪያ ጥግ ይሰቅላቸዋል፤ ያኔ የነፍሰ ገዳዩ ኮቴ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ይመስላል።

ደንቡን የጠበቀው ሰብዉፈሩ ብቻ ነው። ወፍራም ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ በቀላሉ ስለማይለይ የትም ቢቀመጥ ብዙ አይነቀፍም። ጥግ ሲገባ ይበልጥ ስለሚያጓራ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ከእኛ ይልቅ ጎረቤትን ያዝናናል።

ሶፋውን አንድ ሜትር ወደፊት መሳብ የማይፈቀድልዎ ከሆነ ሁለት ደህና ስፒከር ይግዙ። ለዜና ይበቃል።