መሬት ያልነካ ሽማግሌ

ጎማ የሚገዛ ሰው ብቻውን አይሄድም። «መኪና ያውቃል» የተባለ ዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ጓደኛ ያስከትላል። አዋቂው ሱቁ በር ላይ እንደ ደረሰ ጎማውን በጫማው ጫፍ አንድ ጊዜ ይመታዋል። ጎማው ምን ብሎ እንደሚመልስለት እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ቀጥሎ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርገዋል፤ ጥርሱን ይዳብሳል፤ ጠጋ ብሎ የሚያሸትም አለ። በመጨረሻ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ዋናውን ጥያቄ ያቀርባል።

«የየት ሀገር ነው?»

«ጃፓን ነው ጋሼ። ኦሪጅናል።»

አዋቂው ወደ ገዢው ዞሮ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። ምርመራው አለቀ፤ የቀረው የዋጋ ክርክር ነው።

የትውልድ ሀገሩን አጥብቀን ጠይቀን የትውልድ ዘመኑን የምንዘለው ዕቃ ቢኖር ጎማ ነው። ለልጅ ብስኩት ስንገዛ ማሸጊያውን አገላብጠን ቀኑ ማለፍ አለማለፉን እናያለን። ቤተሰቡን ሙሉ ጭኖ አባይ በረሃ የሚወርደው ጎማ ግን ጃፓን መወለዱ ይበቃዋል። አሥር ዓመት የሞላው ጃፓንና አምና የተመረተ ቻይና ጎን ለጎን ቢቀርቡልን፣ ጭማሪ ከፍለን ሽማግሌውን ይዘን እንሄዳለን።

ጎማው ዕድሜውን የሚደብቅ ቢሆን ባልተፈረደብን ነበር። እሱ ግን ጎኑ ላይ ጽፎ ነው የሚዞረው። «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚሉት ፊደላት ተነስቶ የተደረደረውን ጽሑፍ ሲከተሉ መጨረሻው ላይ አራት አሃዝ ይገኛል፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 3516 የሚል ካለው በ2016 በ35ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጉዱ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ላይ ነው። በኛ ሲመነዘር ነሐሴ 2008 ላይ ይወድቃል።

እዚህ ድረስ ማንበብ የቻለ ገዢ በዕውቀቱ ይኮራል። «አየህ፣ የ16 ነው!» ይላል ለአዋቂው። ሻጩም «የ16 ነው» ብሎ ያጸናለታል። አልዋሸም፤ በማን አቆጣጠር ተብሎ አልተጠየቀም። ኢትዮጵያ የገባ ቱሪስት በሰባት በስምንት ዓመት ወጣት ይሆናል እያልን እንቀልዳለን። በጎማ ላይ ቀልዱ ሥራ ላይ ውሏል፤ ከጅቡቲ ተነስቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ስምንት ዓመት ከላዩ ይራገፍለታል። ይባስ ብሎ ዘመኑ ብዙውን ጊዜ የሚታተመው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ጎሚስታው ያንን ጎን ወደ ውስጥ አዙሮ ካሰረው፣ የጎማውን ዕድሜ ማወቅ የፈለገ ባለመኪና መኪናው ሥር መጋደም አለበት።

ሻጩ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለው። «ጋሼ፣ ይኸው ፀጉሩ እንኳን አልረገፈም!» እያለ ጎማው ላይ ብቅ ብቅ ያሉትን ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉሮች ይደባብሳል። እነዚያ ፀጉሮች ጎማው ቅርጽ ሲይዝ አየር እንዲወጣባቸው በተተዉ ቀዳዳዎች የሾለከ ላስቲክ ናቸው። የሚመሰክሩት አስፋልት አለመርገጡን ብቻ ነው። ሃያ ዓመት መደርደሪያ ላይ ቢከርምም አይረግፉም፤ በዚህ ረገድ ከብዙዎቻችን ይሻላል።

ነገሩ ሲጠቃለል፣ ዕቃ የሚያረጀው ሲነካ ብቻ ይመስለናል። ሶፋው ከነላስቲኩ ይቀመጥበታል፤ ሪሞቱ በፌስታል ይጠቀለላል፤ ቡፌ ውስጥ ያለው ብርጭቆ እንግዳ ሲጠብቅ ልጆች አድገው ይዳራሉ። ለብርጭቆ ይሠራል። ላስቲክ ግን ማርጀት የሚጀምረው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ነው። ኦክስጅን፣ ኦዞን፣ ሙቀትና ፀሐይ ቀስ በቀስ ያደርቁታል። ፋብሪካው ይህን የሚከላከል ኬሚካልና ሰም ይቀላቅልበታል፤ መከላከያው ወደ ገጹ በደንብ የሚወጣው ግን ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ነው። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጎማ መድኃኒቱን ኪሱ ይዞ ሳይውጥ የሚታመም በሽተኛ ነው። ክፉው ነገር ደግሞ ጎኑ ላይ ከሚታየው ስንጥቅ ይልቅ ውስጥ ያለው ነው፤ ከጥርሱ ሥር የተደረቡት የብረት ሽቦዎች ከላስቲኩ ጋር የተያያዙበት ቦታ ሲደርቅ በዓይን አይታይም። የሚታየው ረጅም መንገድ ላይ፣ በሙቀትና በፍጥነት፣ የላይኛው ቆዳ ተገሽልጦ ሲሄድ ነው።

በዚህ የተጎዱት እኛ ብቻ አይደለንም። ተዋናዩ ፖል ዎከር እ.ኤ.አ. በ2013 የሞተባት ፖርሽ ጎማዎቿ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ መርማሪዎቹ ከፍጥነቱ ጋር የጎማዎቹን ዕርጅና አንስተዋል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የሦስት ሰው ሕይወት ባለፈበት የአውቶቡስ አደጋ የፈነዳው የፊት ጎማ 19 ዓመት አልፎት ነበር። ከ2021 ወዲህ እዚያ ሀገር አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ በአውቶቡስና በከባድ መኪና የፊት እግር ላይ እንዳይታሰር በሕግ ተከልክሏል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ለኮንግረስ ያቀረበው ሪፖርት ደግሞ የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያን መረጃ ይጠቅሳል፦ ከደንበኞቹ 27 በመቶው የሚኖሩት ቴክሳስንና አሪዞናን በመሰሉ አምስት ሞቃት ግዛቶች ሲሆን፣ ከጎማ ጋር የተያያዘው የካሳ ጥያቄ ግን 77 በመቶው የመጣው ከእነሱ ነው። ከዚያም ውስጥ 84 በመቶው ከስድስት ዓመት በላይ በሆነው ጎማ ሳቢያ ነበር። አዲስ አበባ ቅዝቃዜ ውስጥ አደብ ገዝቶ የከረመ ጎማ አዋሽን ሲሻገር ጠባዩ ለምን እንደሚለወጥ ከዚህ ይገባል።

ያልተነካ ሽማግሌ ፍለጋ ገበያ መውረድም አያስፈልግም፤ ብዙዎቻችን መኪናችን ኋላ ጭነነው እንዞራለን። «ይኼ ስኮርት እኮ ከጃፓን ሲመጣ የነበረው ነው፤ አንድ ቀን መሬት አልነካም» የሚል የኮሮላ ባለቤት ሞልቷል። ጎንበስ ብሎ ቢያየው አራት አሃዝ ቀርቶ ሦስት ብቻ ሊያገኝ ይችላል፤ ያ ማለት የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት ነው። ስኮርት ደግሞ በአየር ተነፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ ውስጡ የታመቀው ኦክስጅን ላስቲኩን ከውስጥ ወደ ውጭ ሲበላው ይኖራል። ጎማ የሚፈነዳው ደግሞ ሰው በሌለበት በረሃ ነውና፣ ሽማግሌው ሥራ የሚጀምረው እዚያው በረሃ ላይ ነው።

እንግዲህ ያልተነካ አሮጌ ጎማ ይገዛ አይገዛ? ሁለት ሦስት ዓመት ያለው፣ ጨለማና ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ የሚያስፈራ ነገር የለም። አምስት ከደፈነ ዋጋው መውረድ፣ አቀማመጡም መጠየቅ አለበት። ከስድስት ካለፈ መተው ይሻላል፤ ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ጎማ ቀይሩ የሚሉት ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው። እነ ሚሼሊን ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር፣ ስኮርትም ቢሆን፣ ከአሥር ዓመት በላይ አትሂዱበት ይላሉ። በኛ ሱቆች ግን ጎማው የሚከመረው በር ላይ ፀሐይ መሐል፣ አንዳንዴም ከብየዳ ቤት አጠገብ ነው። ብየዳ ኦዞን ያመነጫል፤ ኦዞን የላስቲክ ጠላት ነው። እኛም ማብረቂያ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የሚያንጸባርቀውን መርጠን እናሳስራለን።

ዋጋ ስንከራከር የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያን እናነሳለን፤ ደንበኝነትን እናነሳለን፤ የላከንን ሰው ስም እንጠራለን። ሻጩን ሊያሸንፍ የሚችለው ብቸኛ ክርክር ግን ጎማው ላይ በአራት አሃዝ ታትሟል። ያንን ያነሳ ገዢ ከሻጩ የሚያገኘው መልስ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ምንም ያልሆነ ጎማ አሁን ምን ይሆናል?»

አሥር ዓመት ምንም ያልሆነው ምንም ስላልሠራ ነው።