ላስቲኩ አይነካ

አዲስ ስፖንጅ ፍራሽ ገዝቶ ላስቲኩን ቀዶ የሚጥል ሰው ንብረት አያያዝ አያውቅም። አስተዋይ አባወራ ላስቲኩን እንዳለ ይተወውና አንሶላውን ከላይ ጣል ያደርጋል፤ ሌሊት በተገላበጠ ቁጥርም ኮሽ ሲልለት ንብረቱ በደኅና መኖሩን ያረጋግጣል። ሪሞቱ በላስቲክ፣ ሶፋው በጨርቅ፣ ፍራሹ በፋብሪካ ልብሱ ተጠቅልሎ፣ በዚያ ቤት እንዲያረጅ የተፈቀደለት ሰውየው ብቻ ነው።

እንከኑ ሰው ሲተኛም ውሃ ማውጣቱን አለማቆሙ ነው። በአንድ ሌሊት በላብና በትንፋሽ 200 ሚሊ ሊትርና ከዚያም በላይ ያወጣል። ስፖንጁ እርስ በርስ የሚገናኙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ወደ እሱ የሰረገውን እርጥበት ቀን ላይ ነፋስ ካገኘ መልሶ ይተፋዋል። ላስቲኩ ግን አያስገባም፣ አያስወጣም፤ ላቡ ከአንሶላው ሥር ተኝቶ ያድራል። እያደር ደግሞ ጥግ ጥጉ ይቀደዳል፤ በዚያች ቀዳዳ የገባ እርጥበት መውጫ ያጣል። በተለይ ክረምት ላይ፣ ፍራሹ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተነጠፈ፣ ሥሩ ሻጋታ ያወጣል። ባለቤቱም ይገረማል፦ «እንዴት? በላስቲክ አልነበር እንዴ!»

«ልጅ ቢሸናበትስ?» ይባላል። ይህስ እውነተኛ ጭንቀት ነው። መልሱ ግን ውሃ የማያሳልፍ፣ ወልቆ የሚታጠብ የጨርቅ ልባስ ነው። ስስ ላስቲክ ለሕፃን አፍና አፍንጫ አደገኛ ነው፤ በብዙ ማሸጊያዎች ላይ ስለ መታፈን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ፤ የኛ አባወራ ጽሑፉም እንዳይለቅ አንሶላ አልብሶታል። «ትኋን እንዳይገባ ነው» የሚሉም አሉ። ትኋን የምትበላው ሰውን እንጂ ስፖንጅን አይደለም፣ ሰውየው ደግሞ ያለው ከላስቲኩ በላይ ነው። ዙሪያውን በዚፕ የሚዘጋ ልባስ በእርግጥ ይረዳል፤ ጥግ ጥጉ የተቀደደ ላስቲክ ግን ለትኋን ተጨማሪ ክፍል ነው።

ላስቲኩን በመጨረሻ የሚገፍፉትም ወዲያው ፍራሹን በጎማ ውሃ ነክረው፣ በዱቄት ሳሙና ረግጠው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ስፖንጅ የጠጣውን ውሃ በቀላሉ አይለቅም፤ የጠራራ ፀሐይም ቢጫ ያደርገዋል፣ ቆይቶም ያፈረፍረዋል። የሚበቃው እንክብካቤ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው፦ እድፉን ሳሙና በነካው፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ መጥረግ፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ጥቂት ሰዓት ማቆየትና ማራገፍ፣ ከዚያ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር በጎኑ ማቆም። በጣም ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም ክብር ያጣው።

አንድ ብርቱ ክርክር ይቀራል፤ ፍራሹ ሲሸጥ «ላስቲኩ እንኳ አልወጣም» ማለት ዋጋ ይጨምራል። በዚህ አልከራከርም። ገዥው ጥጉን ገለጥ አድርጎ ካላሸተተ ባለቤቱ አትራፊ ነው።