በጣርማ በር ጭጋግ የተሳፋሪ ፍሬን አሠራርና ጥቅም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሐምሌና በነሐሴ የሚጓዝ ሚኒባስ ስንት ፍሬን አለው ቢባል መካኒኮች የተሟላ መልስ አይሰጡም። የሚቆጥሩት ከሹፌሩ እግር ሥር ያለውንና የእጁን ፍሬን ብቻ ነው። ከደብረ ብርሃን በኋላ ግን ተሳፋሪው ሁሉ የየራሱን ፍሬን ይረግጣል። በምሁራን ዘንድ እስካሁን ትኩረት የተነፈገው ይህ መሣሪያ ነው።

በቅድሚያ ስለ አየሩ ጥቂት እንበል። መንገዱ ከደብረ ብርሃን ብርድ ሳይላቀቅ ወደ ጣርማ በር እየወጣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ምድሩ ወደ ቆላው ይናዳል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከቆላ የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ታኮ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ተኑ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታውም መጥቶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። በአካባቢው የምኒልክ መስኮት የሚባል፣ ቆላውን ቁልቁል የሚያሳይ ሥፍራ አለ። በነሐሴ መስኮቱ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው።

ወደ ፍሬኑ እንመለስ። የተሳፋሪ ፍሬን ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም፤ ይህ ጉድለቱ ሳይሆን ባሕርዩ ነው። ጋቢና የተቀመጠ ሰው በቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። መካከል ያለው የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ወደ ኋላ ይስባል። የኋላ ወንበር ሰዎች ለእግራቸውም ለእጃቸውም ቦታ ስለሌላቸው አየር በጥርሳቸው እየሳቡ ያቆማሉ። በዕድሜ የገፉ እናቶች «እመ ብርሃን!» ብለው፣ አጠገባቸው ያሉት የወሎ ሰው «ያ አላህ!» ብለው በአንድ ቅጽበት ሲረግጡ የሚታየው ቅንጅት ሊቃውንት ሊያጠኑት የሚገባ ነው። መሣሪያው ከፋብሪካው ፍሬን የሚፈጥንበትም ምክንያት አለ፦ ለሚመጣው ኩርባ ብቻ ሳይሆን ለሌለውም ኩርባ ይረገጣል።

ሹፌሩ የዚህ ሁሉ እግር ተጠሪ ነው። ረጅም መብራት ጭጋግ ላይ ሲበራ ብርሃኑ ከጠብታው ተመልሶ ዓይን ላይ እንደሚደፋ ስለሚያውቅ በአጭሩ ይነዳል። «ልጄ፣ ረጅሙን አብራው እንጂ!» የሚል አባት ግን ከየትኛውም ሚኒባስ አይጠፋም። «እሺ አባቴ» ይልና በአጭሩ ይቀጥላል። ከኋላ ደግሞ የታሪክ ክፍሉ አለ፤ እዚህ ጋ የተገለበጠውን፣ እዚያ ጋ ገደል የገባውን መኪና ከነጭነቱ የሚዘረዝር ሰው። ማንም አልጠየቀውም። ዝም በል የሚለውም የለም፣ ምክንያቱም ሁሉም ቀጥሎ ያለው የት ጋ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

አመራሩን በተመለከተ ሁሉም የፊቱን ቀይ መብራት ይከተላል። ሚኒባሱ ሲኖትራኩን፣ ሲኖትራኩ አይሱዙውን፣ አይሱዙው አውቶቡሱን፤ እያንዳንዱም የፊተኛው መንገዱ ይታየዋል ብሎ ያምናል። አውቶቡሱ ማንን እንደሚከተል ለመረዳት አንድ ጊዜ መስታወት ዝቅ ማድረግ በቂ ነው፤ በርኖስ የለበሰ እረኛ በጎቹን በመንገዱ ዳር እየነዳ፣ ፍሬን የሚባል ነገር ሳያስፈልገው፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰንጥቆ ያወጣው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ጨለማ ነው፣ ውኃም ያንጠባጥባል፤ ተሳፋሪው ግን እፎይ የሚለው እዚህ ነው። ዋሻ ገደል የለውም። እግሮች ከወለሉ ይነሣሉ፣ አንዳንዱም ሙዝ ይልጣል።

ከዋሻው ማዶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ይጀምራል። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ይጮኻል፣ ተሳፋሪውም «መኪናው ምን ሆነ?» ይላል። ምንም አልሆነም። በቁልቁለት ፍሬን ብቻ እየረገጡ ከወረዱ ይግላል፣ የጋለ ፍሬንም አይዝም። የተሳፋሪ ፍሬን በአንጻሩ ሳይነሣ ተረግጦም አይግልም፤ ፋብሪካዎች ሊመረምሩት በተገባ ነበር።

የመጨረሻው ፍሬን ስለት ነው፤ ዋጋውም ከእይታ ጋር በተቃራኒው ይጓዛል። የመንገዱ ዳር ከታየ ጧፍ ይበቃል። የፊት መኪናው መብራት ብቻ ከታየ ጃንጥላ ይሆናል። መብራቱም ሲጠፋ በግ ይገባል፣ ለሰደቃም ፍየል ይታጫል። ደብረ ሲና ሲደርሱ ፀሐይ ትወጣለች፣ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከባሉ፣ ገበያውም ይረጋጋል። ቆሎው እየተቆረጠመ በጉ ወደ ጃንጥላ፣ ጃንጥላው ወደ ጧፍ ይወርዳል። ሹፌሩን ያመሰገነ የለም፤ ሁሉም መኪናውን ያቆምኩት እኔ ነኝ ባይ ነውና።

በዚህ ድርድር ላይ ለተሰማራችሁ አንባቢያን አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ መመለሻውም በዚያው በጣርማ በር ነው።