ስሙ የፈረስ፣ ድካሙ የበቅሎ

ከቦንጋ ተነስቶ የዉሽዉሽን የሻይ ማሳ አቋርጦ ወደ ሚዛን የሚሄደው መንገድ ሺሺንዳ ሲደርስ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። ባጃጁ አለ፣ ሞተሩ አለ፣ «የቀረው አንድ ሰው ነው!» እያለ አራት ሰው የሚጨምር ሚኒባስም አለ። ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ቡናው ጫካ እልፍ ሲባል ግን መጀመሪያ ባጃጁ ይቀራል። ቀጥሎ ሞተሩ ይቀራል፤ ባለሞተሩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ መግፋት ሲጀምር ማን ማንን እንደጫነ መለየት ያስቸግራል። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር የበቅሎ ነው።

ከፋ በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሌላው አገር ዓመቱን በጋና ክረምት ብሎ ሲከፍል፣ እዚህ «ዝናብ» እና «ቀለል ያለ ዝናብ» ብሎ መክፈል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ደኑም፣ ቡናውም፣ ማሩም የተገኙት ከዚያ ዝናብ ነው። ጭቃውም እንዲሁ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን ደን በዓለም የባዮስፌር መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ጭቃውን ለይቶ አልጠቀሰም፤ ጭቃውን በየቀኑ የምትመዘግበው በቅሎ ናት።

በቅርብ ዓመታት ከተማ መሮት «ወደ ገጠር ገብቼ ራሴን ችዬ ልኑር» የሚል ሰው በዝቷል። በሐሳቡ ጓሮው ውስጥ እንሰት ይተክላል፤ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላል፤ ከዛፉ ሥር ቡና ይለቅማል። የሺሺንዳ ገበሬ ይህን ሲሰማ «ታዲያ እኛ ምን ስናደርግ ኖረናል?» ቢል አይፈረድበትም። ምኞተኛው የሚዘነጋው ጭነቱን ነው። ቡናው የሚለቀመው ዳገት ላይ ሆኖ፣ የሚሸጠው መንገድ ዳር ነው፤ ቆጮውም በራሱ እግር ገበያ አይወጣም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በቡና አገር መስፈሪያው ፈረሱላ ነው፤ አንዱ 17 ኪሎ። አምስት ፈረሱላ 85 ኪሎ ይሆናል፤ ለአንዲት ደህና በቅሎ ልኳ ነው። በሰው ጀርባ ይሂድ ከተባለ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ አምስቱም ምሳ ይፈልጋሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ደግሞ በየገጠሩ እነዚያ አምስት «ሰዎች» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ምሳውንም የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። በቅሎ የገባችበት ቤት መጀመሪያ የሚያርፈው የእናትየዋ ወገብ ነው። ይህ ጸሐፊ ስለ በቅሎ ሌላው ሁሉ ቢረሳበት እንኳ ይህ እንዳይረሳበት ይፈልጋል።

ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ላንድክሩዘሩም በዚያው ልክ በርክቷል። ላንድክሩዘር ግን የሚሄደው እስከሚሄድበት ነው። በአገሪቱ የድምፅ መስጫ ኮሮጆና የክትባት መድኃኒት በጋማ ከብት ተጭኖ የሚደርስባቸው ቀበሌዎች አሉ። ከተማ ላይ «ጋማ ከብት» ሲባል ያለፈ ዘመን የሚመስለው ሰው ድምፁን የት ድረስ ማን እንደተሸከመለት አይጠይቅም።

እንግዲህ በቅሎ ይገዛ ተባለ እንበል። ገዢው ገበያ ይወጣል፤ ደላላው ከሩቅ ያውቀዋል፤ ጫማው ንጹሕ ነውና። ልምድ ያለው ሰው አጠገቧ ሲደርስ ስለ ዋጋ አይጠይቅም፤ ከንፈሯን ገልጦ ታችኞቹን የፊት ጥርሶች ያያል። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የፊት ጥርሶቿ ሁሉ ተለውጠው ያልቃሉ። ከዚያ ወዲያ በጥርሱ አናት ላይ ያለው ጥቁር ጎድጓዳ በየዓመቱ እየተፋቀ ይጠፋል። እሱ ጠፍቶ ካለቀ በኋላ ዕድሜዋን በእርግጠኝነት የሚያውቁት ሁለት ናቸው፤ እሷና ደላላው። እሷ አትናገርም፤ ደላላው ደግሞ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነች በቅሎ ሸጦ አያውቅም።

ከጥርስ ቀጥሎ ጀርባ ነው። ምንጣፉ ተነስቶ መዳፍ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ በጠጉሩ ላይ ይሄዳል። ቡላ ወይም ጥቁር ጀርባ ላይ እዚህም እዚያም ነጭ ጠጉር ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ቁስል ነበረ ማለት ነው፤ የዳነ ቁስል ላይ የሚበቅለው ጠጉር ነጭ ሆኖ ይወጣልና። ሻጩ «ተፈጥሮዋ ነው» ይላል። ተፈጥሮዋ በትክክል የመጫኛው ገመድ በሚያልፍበት መስመር ላይ መውረዱ ግን ያስገርማል። ቀጥሎ ሰኮናዋ ይነሳል፤ የኋላው እግር ሲነሳ የገዢው ጓደኞች ሁሉ አንድ ጉዳይ ትዝ ብሏቸው ወደ ኋላ ይላሉ። ጓደኞቹ ልክ ናቸው፤ በቅሎ ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ትራገጣለች።

ገዢው ዋጋውን ሰምቶ ይደነግጣል። ደህና በቅሎ ከአህያ ብቻ ሳይሆን ከፈረስም በላይ ታወጣለች። «ታዲያ ለምን ራሴ አላረባም?» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ራስን የመቻሉ ፍልስፍናም እዚሁ ላይ ይሰበራል። በቅሎ በቅሎ አትወልድም። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፤ አህያ 62፤ በቅሎዋ መሃል ላይ 63 ይዛ ትቀራለች። ቁጥሩ ለሁለት እኩል ስለማይከፈል ዘሩ እሷ ጋ ያበቃል። ስለዚህ ራሱን ሊችል የተነሳው ሰው የአንዱን ጎረቤት ባዝራና የሌላውን ጎረቤት አህያ ይለምናል፤ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እርግዝናውን ይጠብቃል፤ ውርንጭላዋ ሙሉ ጭነት እስክትችል ደግሞ አራት ዓመት ያህል ይታገሣል። አህያውም ቢሆን ከልጅነቱ ከፈረሶች ጋር ካላደገ ባዝራዋን ዞር ብሎ ላያያት ይችላል። ራስን ለመቻል ያህል ጎረቤት የሚያስፈልገው ሥራ የለም።

«አባትሽ ማነው?» ተብላ ብትጠየቅ «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች እየተባለ በቅሎ ስትታማ ኖራለች። እናቷ ባዝራ ናት፤ የእናቷ ወንድም አጎቷ መሆኑ አይካድም፤ ስለዚህ አልዋሸችም። ለተጠየቀችው አለመመለሷ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከእሷ የተሻለ ኃላፊነት ያላቸው ብዙዎች የሚያደርጉት ነው።

ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ የባቢሎን ሰዎች ከብቧቸው የነበረውን የፋርስ ጦር «በቅሎ ስትወልድ ከተማችንን ትይዛላችሁ» ብለው ቀለዱበት፤ ብዙም ሳይቆይ ከወራሪዎቹ በቅሎዎች አንዷ ወለደች ይላል፤ ከተማዋም ተያዘች። ታሪኩን ማመን አለማመን የአንባቢው ነው። በዘመናችን ግን እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ኮሎራዶ አንዲት በቅሎ ወልዳ በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በቅሎን በላቦራቶሪ አባዝተው «አይዳሆ ጄም» የሚል ስም አወጡላት እንዳይባል፣ ወንድ ነበር፤ አወጡለት። ለሺሺንዳው ገዢ ሁለቱም አይጠቅሙትም። ገበያው ይሻለዋል።

አሁን ወደ ክብር ጉዳይ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተባሉ። ሁሉም የፈረስ ስም ነው። መኳንንቱ ግን ረጅሙን መንገድ የሚሄዱት በሰጋር በቅሎ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፈረሱ በባልደራስ እየተሳበ፣ ጀርባው ሳይነካ፣ ሽልማቱን ለብሶ ከጎን ይሄዳል። ጦርነቱ ሲደርስ ጌታው ከበቅሎው ይወርድና ፈረሱ ላይ ይወጣል፤ ታሪክ ጸሐፊውም የሚደርሰው በዚያች ሰዓት ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው ምናልባት በእግሩ ሳይሄድ አልቀረም፤ የምታደርሰውስ በቅሎ ነበረች። በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቻቸውን አስጊጠው አደባባይ ይወጣሉ፤ ያምራል፤ ይገባቸዋልም። በዓሉን ለማየት ከሩቅ ገጠር በበቅሎ የመጣች እናት ብትኖር ግን በቅሎዋን የምታስረው ከአጥር ውጭ ነው።

ከፋም ውስጥ ታሪኩ ያው ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ቦንጋ የሲራራ ነጋዴ መድረሻ ነበረች። ከዚህ የተነሳው ንግድ በጅማ በኩል አባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይዘልቃል። ሲመለስ አሞሌ ጨው ይዞ ነው። ሲሄድ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፤ ሰውም። ይህን የመጨረሻውን ማንም በቀልድ ሊያልፈው አይችልም፤ ነጋዴው በበቅሎ ላይ፣ የተሸጠው በእግሩ ነበር የሚሄደው። በ1890 ዓ.ም. መባቻ የከፋው ታቶ (ንጉሥ) ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲማረክም ስንቁን ዳገት ያወጡት እነዚያው እንስሳት ናቸው። በዚያው ዓመት ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከከፋ እስከ ቱርካና ሐይቅ የተጓዘው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች የፈረሰኛ ክፍለ ጦር ሰው ነበር፤ ቢሆንም በቅሎ ሳይዝ አልሄደም።

የዛሬዋ በቅሎ ዋና ጠላቷ ጦርነት ሳይሆን እርጥብ ምንጣፍ ነው። ምንጣፉ ማታ በዝናብ ይርሳል፤ ጠዋት ሳይደርቅ ይጫናል፤ በእርጥቡ ላይ ጭነቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ቆዳው ይላጣል፤ ሦስተኛው ገበያ ላይ ገጣባ ትሆናለች። በከፋ ዝናብ ምንጣፍ ማድረቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዘዴው ሁለት ምንጣፍ መያዝና አንዱን ከምድጃው በላይ መስቀል ነው፤ ቤቱ ለጥቂት ጊዜ በቅሎ በቅሎ ይሸታል፤ ከገጣባ ሽታ ግን ይሻላል። ሁለተኛው ጠላት ቆላ ነው። ወደ ጎጀብ ሸለቆ የወረደች በቅሎ የገንዲ ዝንብ ነድፏት ስትመለስ እየበላች ትከሳለች። ያን ጊዜ የሚኬደው ወደ እንስሳት ጤና ኬላ እንጂ ወደ ጎረቤት ምክር አይደለም፤ ጎረቤት ለገንዲ የሚያዝዘው መድኃኒት ከጎረቤቱ ቁጥር ይበልጣልና።

የበቅሎን ግትርነት በተመለከተ አንድ ነገር መባል አለበት። ወንዙ ላይ የተጋደመ የግንድ ድልድይ አለ እንበል። በቅሎዋ ጫፉ ላይ ትቆማለች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ እንጨቱን ታሸታለች፤ ጆሮዎቿ ወደ ፊት ይቀሰራሉ፤ አንድ የፊት እግሯን አንስታ ግንዱን ነካ አድርጋ መልሳ ታሳርፈዋለች። ባለቤቱ ይጮኻል፣ ይገፋል፣ ዘመዶቿን እስከ ሦስተኛ ትውልድ ይሳደባል፤ ስድቡ አባቷ ላይ ሲደርስ ቢያንስ አህያ ማለቱ እውነት ይሆናል። በመጨረሻ «እንዲህ ነው የሚኬደው!» ብሎ ራሱ ቀድሞ ግንዱ ላይ ይወጣል። ግንዱ ይሽከረከራል። በቅሎዋ የታችኛውን መሻገሪያ ፈልጋ በውኃው ውስጥ ትሻገርና ከማዶ ሣር እየነጨች ትጠብቀዋለች። ፈረስ በጌታው ትእዛዝ ገደል ሊገባ ይችላል፤ በቅሎ ትእዛዙን መጀመሪያ ታጤነዋለች። በቢሮ ውስጥ ይህ ጠባይ ያለው ሰው ዕድገት አያገኝም፤ ግን ብዙ ዓመት ይሠራል። በቅሎም በደንብ ከተያዘች ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች።

ሞተር መግዛት ይቀላል የሚሉ አሉ፤ ለወጣትነቱ ይሆናል። ቤንዚኑ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሰፍሮ፣ ዋጋው በሻጩ ፊት ተነቦ ይገዛል። በቅሎዋ ከመንገድ ዳር ሣር፣ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል፣ ሥራ በበዛ ጊዜ ትንሽ በቆሎና አንድ እፍኝ ጨው ይበቃታል። ማታ ጅብ እንዳይደርስባት ከቤት ትገባለች። ሞተርም ማታ ከቤት ይገባል፤ ሌባው ግን ከጅቡ ይብሳል።

በቅሎ ለመግዛት ብር የሚያጠራቅም አንባቢ ካለ ምክሩ አጭር ነው። ከድምሩ ላይ መጀመሪያ ለሁለት ደህና ወፍራም ምንጣፍ ይቀንስ፤ ምንጣፉ ተገዝቶ ደርቆ ሲሰቀል ገበያ ይውጣ። ጥርሷን ይይ፣ ጀርባዋን ይዳስስ፣ ኋላዋ አይቁም። ከአምስት ፈረሱላ በላይም አይጫናት።